ለአውቶሞቢል አዲስ ቸርኬ ስለ መግዛትና ስለ ማስገጠም

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ምግብ አዘገጃጀት መጻፍ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ አውቶሞቢል መንኰራኵር ለመጻፍ መነሣታችን ከገጹ ጋራ የማይስማማ መስሎ የሚታያቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ዳሩ ግን በዛሬው ዘመን አውቶሞቢል ከቤት ዕቃ ተቈጥሮ፥ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፥ እመቤቲቱ ወደ ገበያና ወደ ዘመድ ጥየቃ፥ በበዓል ቀንም ቤተ ሰቡ በሙሉ ወደ አገር ቤት የሚሄድበት ሆኗል። እንግዲህ ያ ሁሉ ነፍስ የተንጠለጠለባቸው ጥቂት ዳዶዎች እንዴት እንደ ታሰሩ መጠየቅ የቤት አስተዳደር ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ያለ አይመስለንም።

ከፋብሪካው የመጣውን የብረት ቸርኬ አውልቆ በሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ቸርኬ መለወጥ በከተማችን እየተለመደ ሄዷል። ይህን የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም፤ መልክን ማሳመር ከጥንት የነበረ ነገር ነው፤ አባቶቻችንም የበቅሏቸውን ኮርቻና ልባብ በብርና በወርቅ ፈርጥ ያስጌጡ ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ኮርቻውን የሚሠራው ሰው አስቀድሞ የበቅሎዋን ጀርባ አይቶ ነበር። ዛሬ ቸርኬ የሚገዛው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያየው የቸርኬውን አበባ ብቻ ነው። ሻጩም፥ «ጌታዬ፥ አይስጉ፤ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ያሰናብተዋል።

መግባትና መግጠም ግን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ቸርኬ በብሎኖቹ ላይ ገብቶ፥ ዳዶውም ጠብቆ፥ መኪናውም ከጋራዡ በሰላም ወጥቶ ሳለ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። አለመግጠሙም የሚታወቀው ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ፥ ያውም በጉዞ መካከል ነው። ከነዚህ ጕድለቶች አንዳንዶቹ በጥቂት ገንዘብ የሚታረሙ ሲሆኑ፥ ሌሎቹ ቸርኬውን ለሻጩ ከመመለስ በቀር ምንም መድኃኒት የላቸውም። ገዢው ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ልዩነት ስለ ሆነ፥ የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ያተኵራል።

መድኃኒት ከሌለው እንጀምር። ቸርኬው በብሎኖች ላይ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በትናንሾቹ መኪናዎች አራት ወይም አምስት፥ በትላልቆቹም ላይ ብዙ ጊዜ ስድስት ሆነው፥ በአንድ ክብ መሥመር ላይ ተደርድረዋል። የዚያም ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ይነገራል። በየመንገዳችን የሚርመሰመሰው ቶዮታ ቪትዝ 4 ቀዳዳ በ100 ነው። አራቱም እግር የሚነዳው ቶዮታ ሃይሉክስ 6 ቀዳዳ በ139.7፤ ባለ 100 እና ባለ 200 የሚባሉት ላንድ ክሩዘሮች ደግሞ 5 ቀዳዳ በ150 ናቸው። ባለ አራት ቀዳዳውን ለመለካት ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን ቀዳዳዎች ከመካከል እስከ መካከል መለካት ይበቃል። ባለ አምስቱ ግን ፊት ለፊት የሚተያይ ቀዳዳ ስለሌለው፥ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን ከመካከል እስከ መካከል ለክቶ በ1.7 ማባዛት ነው።

አደጋው ያለው በጣም በሚለያዩት ላይ አይደለም፤ 100 የሆነው በ114.3 ላይ ፈጽሞ ስለማይገባ ማንንም አያታልልም። የሚያታልሉት የሚቀራረቡት ናቸው። መርሰዲስና ፎልክስዋገን በብዛት የሚጠቀሙበት ባለ አምስቱ 112 እና ብዙዎቹ የጃፓን መኪናዎች የሚጠቀሙበት 114.3 ሲነጻጸሩ፥ በሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ልዩነት 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ዓይን ሊለየው አይችልም። የፊያት መኪናዎች ለብዙ ዘመን የያዙት ባለ አራቱ 98 እና የሌሎቹ 100 እንደዚሁ ናቸው። ጕልበተኛ ጎሚስታ በረጅም መፍቻ ሲያጠብቀው ይገባል፤ ግን ብሎኖቹ በአንድ ወገን ተጣመው፥ የዳዶውም ሾጣጣ ጫፍ በቀዳዳው በአንድ ጎን ብቻ ተደግፎ ይቀራል። እንዲህ የታሰረ ዳዶ በመንገድ ላይ ራሱን ይፈታል፤ አለዚያም ብሎኑ ድካም ይዞት ይቈረጣል። ክቡን ከአንዱ ልክ ወደ ሌላው የሚለውጡ ወፍራም መሸጋገሪያ ብረቶች እንዳሉ እናውቃለን። ሆኖም ቸርኬውን በውፍረታቸው ልክ ወደ ውጭ ስለሚያወጡትና የማሰሪያውን ቍጥር እጥፍ ስለሚያደርጉት፥ ለቤተ ሰብ መኪና አንመክራቸውም። ልኩ ያልሆነውን ቸርኬ መመለስ ይሻላል።

በነገራችን ላይ፥ 114.3 እና 139.7 የሚሉት ቍጥሮች እንግዳ መስለው ለሚታዩአቸው፥ ምሥጢሩ ኢንች ነው። የመጀመሪያው 4 ኢንች ተኩል፥ ሁለተኛውም 5 ኢንች ተኩል በሚሊ ሜትር ሲነገር ነው። በአገራችን ቮልስ የምንላት የፎልክስዋገን መኪና ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት፤ የጥንቶቹ 5 ብሎን በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የነበራቸው ሲሆኑ፥ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ 4 ብሎን በ130 ተለውጠዋል። ስለዚህ አሮጌ ቮልስ ለሚወዱ ወዳጆቻችን «የቮልስ ቸርኬ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራቸውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጕድለት ብዙ ሰው ያደክማል፤ መድኃኒቱ ግን እጅግ ቀላል ነው። አንድ ወዳጃችን ለቪትዛቸው አራት አዳዲስ ቸርኬ ገዝተው፥ የቀዳዳው ልክም ትክክል ሆኖ፥ በከተማ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ሲነዱ አንዳች እንከን አላገኙበትም። ቤተ ሰባቸውን ይዘው በ2014 እ.ኤ.አ. ለአገልግሎት በተከፈተው በአዲስ አበባና በአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በወጡ ጊዜ ግን፥ ፍጥነታቸው ከ90 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ መሪው በእጃቸው ውስጥ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተመልሰው ጎማውን ባላንስ አሠሩ፤ አልተወም። ሁለተኛ አሠሩ፤ አሁንም አልተወም። ጎሚስታውም፥ «ጌታዬ፥ ማሽኑ ዜሮ ብሏል፤ ጥፋቱ ከመኪናው እግር ነው» ስላላቸው ኩሽኔታ ለማስለወጥ ተሰናድተው ሳለ፥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቸርኬውን አስወልቆ በመካከሉ ያለውን ትልቁን ቀዳዳ ለካ። ነገሩም ተገለጠ።

የቪትዝ ሞዞ፥ ማለት ቸርኬው የሚቀመጥበት የእግሩ እምብርት፥ 54.1 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ከፋብሪካው የመጣው ቸርኬም በዚያው ልክ ተቀዶ እምብርቱን እንደ ቀለበት ይይዘዋል። ለልዩ ልዩ መኪና እንዲሆኑ ተብለው የሚሠሩት ቸርኬዎች ግን መካከላቸው ሰፊ ሆኖ ይቀደዳል፤ ብዙዎቹ 73.1 ናቸው። በዚህ ጊዜ ቸርኬውን መካከል የሚያስይዘው አጥቶ፥ ዳዶዎቹ እንደ ተጠበቁበት ቅደም ተከተል ከመካከሉ በጥቂቱ ዘንበል ብሎ ይታሰራል። የባላንስ ማሽኑ ለምን ዜሮ እንዳለ አሁን ግልጽ ይሆናል፤ ማሽኑ ቸርኬውን የሚይዘው በራሱ ሾጣጣ፥ በትክክል ከመካከሉ ነውና፥ በመኪናው ላይ ያለውን መዛባት ሊያየው አይችልም። የከተማውም ጕዞ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ጕድለቱን ይሸፍነዋል። መድኃኒቱ ከውጭ 73.1፥ ከውስጥ 54.1 የሆነ ስስ ቀለበት ማግባት ነው። ቀለበቱ ከፕላስቲክ ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ በረጅም ቍልቍለት ላይ ፍሬን አብዝቶ ለሚይዝ ሰው የፕላስቲኩ ሙቀት ስለማይችል የአሉሚኒየሙን እንመርጣለን። ይኸኛው ግን ከእምብርቱ ጋራ ዝጎ እንዳይጣበቅ እንደ እስትንፋስ የሳሳ ቅባት ይፈልጋል። ወዳጃችን አራቱን ቀለበት አስገብተው መሪው ዝም ብሏል፤ ኩሽኔታውም ሳይለወጥ ቀርቷል።

ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ የቸርኬው መካከል ከእምብርቱ ሲጠብ ደግሞ፥ ለምሳሌ ለ54.1 የተቀደደው 56.1 በሆነው በሆንዳ ላይ፥ አልገባም ይላል። ይህ በቶርኖ ቤት በሙያ ሊሰፋ ይችላል። በሞረድ ወይም በእጅ መፍጫ ግን ማንም እንዳይነካው፤ ክቡ ከተበላሸ ወዲያ የሚመልሰው የለም።

ስለ ዳዶ ያለው ነገር ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ዳዶ ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳዶ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ የሚቀመጥበት የራሱ ቅርጽ አለው። አንዱ ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ኳስ የዞረ ነው፤ ሦስተኛው ጠፍጣፋ ሆኖ ሮንዴላ ያለበት ነው። ከፋብሪካው የአሉሚኒየም ቸርኬ ይዞ በመጣ ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህ ጠፍጣፋው ነው፤ ሆንዳ የዞረውን ይጠቀማል፤ ከገበያ የሚገዙት ቸርኬዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ይፈልጋሉ። የቀድሞውን ጠፍጣፋ ዳዶ በሾጣጣው ቀዳዳ ላይ ያሰረ ሰው፥ ብረቱ የተነካካው በቀጭን ጠርዝ ብቻ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የጠበቀ የመሰለው ነገ ይላላል። ይህን ለመመርመር ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በዳዶው ጫፍ ላይ ጥቂት የድስት ጥላሸት ቀብቶ፥ በእጅ አጥብቆ፥ ፈትቶ ማየት ነው፤ ጥላሸቱ በቀዳዳው ዙሪያ ሙሉ ቀለበት ከሠራ ተስማምቷል፤ በአንድ ጎን ብቻ ነጥብ ከተወ አልተስማማም። ሲያበቃ ጥላሸቱን ጠርጎ ማጥፋት ይገባል።

ጥርሱም እንደዚሁ ነው። የቶዮታና የሆንዳ ትናንሽ መኪናዎች ብሎን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.5 የጥርስ ርቀት ሲኖረው፥ ሱዙኪና ኒሳን በ12 ውፍረት 1.25 ይጠቀማሉ። የአንዱ ዳዶ በሌላው ላይ ሁለት ሦስት ዙር ከሄደ በኋላ ይያዛል። በዚያን ጊዜ በአየር የሚሠራውን መፍቻ የጫነበት እንደ ሆነ ጥርሱን በልቶ ይገባል፤ ዳዶውም ጠብቋል ይባላል። ስለዚህ መኪናችሁ ሲታሰር አጠገቡ ቆማችሁ፥ ዳዶው ሁሉ አስቀድሞ በጣት እስከ መጨረሻው እንዲዞር ማዘዝ ይገባችኋል። ሠራተኛው ቢቸኵልም ባይቸኵልም።

አሁን ደግሞ ሒሳብ ወደሚጠይቀው እንለፍ። በቸርኬው ላይ በላቲን ፊደል ኢ እና ቲ ተብሎ ከአንድ ቍጥር ጋራ ተቀርጾ ይገኛል። ይህም ቸርኬው ከእምብርቱ ጋራ የሚጣበቅበት ፊት ከቸርኬው ወገብ ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደ ራቀ የሚነግር ነው። ቍጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው የሚሳሳተው ግን ይህን ቍጥር ከቸርኬው ስፋት ለይቶ ሲያይ ነው። እንበል፤ የቀድሞው ቸርኬ 5 ኢንች ተኩል ስፋትና 45 ቍጥር ነበረው፤ አዲሱ 7 ኢንች ስፋትና 35 ቍጥር አለው። ስፋቱ በ38 ሚሊ ሜትር ጨምሯል፤ ግማሹ 19 ወደ ውስጥ፥ ግማሹ 19 ወደ ውጭ ነው። ቍጥሩ በ10 ስለ ቀነሰ ያ 10 ከውስጡ ተቀንሶ በውጭው ላይ ይደመራል። እንግዲህ ጎማው በውስጥ በኩል በ9 ሚሊ ሜትር ወደ ሞላው ተጠጋ፤ በውጭ በኩል በ29 ሚሊ ሜትር ወደ ፓራፋንጎው ጠርዝ ወጣ ማለት ነው። ይህን በወረቀት ላይ ያሰላ ሰው፥ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በመኪናው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ በማስመሪያ ለክቶ ይበቃ አይበቃ እንደ ሆነ ያውቃል።

ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ ለዓይን ያምራል፤ መሪው ግን ይከብዳል፥ በጕድጓድም ላይ እጅን ይጎትታል፥ ኩሽኔታውም ያልተሠራበትን ሸክም ይሸከማል። ወደ ውስጥ ሲበዛ ደግሞ ሞላውን ወይም ሾክ አብዞርበሩን ይፍቃል፤ ይህ የከፋ ነው፤ የጎማውን የውስጥ ጎን እየበላ ስለሚሄድና ማንም ተጎንብሶ ስለማያየው። በውስጥ ለሚጠበው ከቸርኬውና ከእምብርቱ መካከል የሚገባ ስስ ብረት ይሸጣል። መድኃኒት ነው፤ ግን ልክ አለው። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ከብሎኑ 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይወስዳል። ዳዶው በብሎኑ ላይ ቢያንስ በብሎኑ ውፍረት ልክ፥ ማለት ባለ 12 ከሆነ 12 ሚሊ ሜትር፥ መጥለቅ አለበት፤ ይኸውም በ1.5 ጥርስ ላይ ስምንት ዙር ያህል ነው። ያን የማይሞላ ከሆነ ረዘም ያለ ብሎን ማስገባት ወይም ብረቱን መተው ነው።

የፍሬኑን ቦታ መመልከትም አይረሳ። ቍጥሩ ሁሉ ተስማምቶ ሳለ የቸርኬው ክንፍ ፍሬኑን የያዘውን ብረት ሊነካ ይችላል፤ ይህም በቍጥር አይታወቅም። እዚህ ላይ እመቤቶቻችን አንድ ቁራሽ ሊጥ ከወጥ ቤት ቢሰጡ ሥራው ይቀላል። ሊጡን በስስ ላስቲክ ሸፍኖ በክንፉ ውስጠኛ ገጽ ላይ መለጠፍ፥ ቸርኬውን በሁለት ዳዶ ብቻ አስሮ በእጅ አንድ ዙር ማዞር፥ ከዚያም አውልቆ የሊጡን ውፍረት መለካት ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሳሳ ቸርኬው ለዚያ መኪና አይሆንም።

ስለ ጎማው በአጭሩ እንናገራለን። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ቁመት መቀነስ አለበት፤ የጠቅላላው ስፋት ልክ ከቀድሞው ከመቶ ሦስት እጅ ባይርቅ መልካም ነው። 175/65 ባለ 14 ጎማ 583 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 185/55 ባለ 15 ደግሞ 584 ተኩል ስለ ሆነ በጣም ይስማማል። 195/60 ባለ 15 ግን 615 ነው፤ ፓራፋንጎውን ከመፋቁም በላይ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው 105 ይሄዳል። 205/40 ባለ 17 በስፋቱ ልክ ይሆናል፤ ነገር ግን የጎማው ጎን ከ114 ሚሊ ሜትር ወደ 82 ይወርዳል። ይህን በመንገዶቻችን ጕድጓድና በኮብልስቶኑ ጠርዝ ላይ የሚነዳ ሰው ቸርኬውን ለማስቃናት ደጋግሞ መመላለሱ አይቀርም። ይህ የእኛ አስተያየት ነው፤ የወጣቶች ልጆቻችሁ አስተያየት ሌላ እንደሚሆን እናውቃለን።

ሸክምም አለ። በመልካም ቸርኬ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል ይቀረጻል፤ በጃፓን ሥራ ላይም ጄ.ደብልዩ.ኤል. የሚል ምልክት፥ ለጭነት መኪና ሲሆን በመጨረሻው ቲ ተጨምሮ ይገኛል። ለትንሽ መኪና የተሠራውን ቸርኬ እህል በሚጭን ሃይሉክስ ላይ ማሰር፥ ቀዳዳው ቢስማማ እንኳ፥ የማይታረም ጕድለት ነው።

ሁሉ ተስማምቶ የሚታሰርበት ቀን በደረሰ ጊዜ፥ የእምብርቱን ፊት ከዝገት በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፥ ዳዶዎቹን በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት እያማረጡ ማጥበቅ፥ መጨረሻውንም ኃይልን በሚለካ መፍቻ ማድረግ ይገባል። ለትናንሾቹ ቶዮታዎች የተወሰነው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይኸውም በአንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ተኩል እንደ ማንጠልጠል ያለ ነው። ከዚያም አራት ሰው አስቀምጦ፥ መሪውን በሁለቱም ወገን እስከ ጫፍ አዙሮ፥ አንዱን እግር በድንጋይ ላይ አውጥቶ መፋቅ መኖር አለመኖሩን ማዳመጥ ነው፤ ባዶ መኪና የማይነካውን የተጫነው ይነካልና። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ዳዶዎቹን በዚያው መፍቻ እንደ ገና መፈተሽ ያስፈልጋል።

የቀድሞዎቹን ቸርኬዎች ለመሸጥ የሚቸኵል ቢኖር ዳዶዎቹን አብሮ እንዳይሰጥ እንለምነዋለን። በኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ የተቀመጠው ትርፍ ጎማ እስከ ዛሬ ያው የብረት ቸርኬ ነው፤ ለአዲሱ ቸርኬ የተገዛውም ዳዶ በብረቱ ቀዳዳ ላይ በሚገባ ላይቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ከጥንቶቹ ዳዶዎች ለአንድ እግር የሚበቃውን፥ አራት ወይም አምስት፥ በከረጢት ቋጥሮ ከክሪኩ ጋራ ከትርፉ ጎማ ሥር ማስቀመጥ፥ የት እንዳሉም መኪናውን ለሚነዳ የቤተ ሰብ ሰው ሁሉ ማሳየት ይገባል። አዲሱ ዳዶ የተለየ ቁልፍ የሚፈልግ ከሆነም ቁልፉ ከዚያው ከረጢት አይለይ።